የክለብ የፈረስ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ቅጽል ስምን ግን ማን ያወጣዋል? መልአክ እንዳልሆነ እርግጠኞች ነን። ፀሐይ አናቱን እየበሳው፣ ቆሎ እየቆረጠመ፣ የመስመር ዳኛውን እስከ ሰባት ትውልድ በሚራገም ተመልካች መካከል መልአክ ተቀምጦ አየሁ ያለ ሰው እስካሁን አልሰማንም። ሆኖም ከዚያ ከሚጮኸው ሕዝብ አፍ የወጣ ስም ማኅተም ካረፈበት ስም ይልቅ ዕድሜ ሲኖረው አይተናል። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ይኸው ነው፤ የአገራችን የእግር ኳስ ክለቦች ስማቸውን፣ ቅጽል ስማቸውንና ቀለማቸውን ከየት አገኙት? ማን ሰጣቸው? ማንስ ነጠቃቸው?

ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ «ቅዱስ ጊዮርጊስን ‹ፈረሰኞቹ› የምትሉት አንድ እንኳ ፈረስ ሳይኖራቸው ነው፤ ጉግስ ነው እንዴ የሚጫወቱት?» ብሎ ሊያላግጥ ሞከረ። መልሱ ለጊዜው ቀላል መሰለን። ቅዱሱ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል፤ ቡድኑ በስሙ ከተጠራ ፈረሱንም አብሮ ወረሰ፣ አለቀ። ስናወጋ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለን፤ የፈረስ ስም።

በአገራችን የጦር ሰው ሁለት ስም ነበረው። አንደኛው ወላጅ ወይም ካህን ያወጣለት ነው። ሁለተኛው ከጦር ሜዳ ይመጣል፤ «አባ» ተብሎ በፈረሱ ስም ይጠራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ሲፎከርና ሲሸለል የሚነሣው ይኸኛው ስም ነው። እንግዲህ የክለብ ቅጽል ስም ማለት የክለብ የፈረስ ስም ማለት ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። የመዝገቡን ስም ባለቤቱ ያወጣል፣ የፈረሱን ስም ሜዳው።

ከጊዮርጊስ እንጀምር፤ ታላቅነቱ ግድ ይላልና። (የቡና ደጋፊ የሆኑት ጓደኞቻችን ይህችን ዓረፍተ ነገር ለማሰረዝ ብዙ ታግለው ነበር። ተሸንፈዋል።) ክለቡ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አራዳ ውስጥ ነው፤ ከመሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ይጠቀሳሉ። አንደኛው ስም አበሻ፣ ሁለተኛው የውጭ መሆኑን ልብ ይሏል። የያኔዋ አራዳ እንደዚያ ነበረች፤ ግሪኩም አርመኑም ሕንዱም አበሻውም በአንድ ገበያ የሚጋፋባት።

ይልቅ ቀኑን እንመልከት። የፋሺስት ጦር ወረራውን የጀመረው በመስከረም 1928 ነው። ልጆቹ በታኅሣሥ ኳስ ሲያሳድዱ ሠራዊቱ ሰሜን ነበር። በዚያ ወር ቡድን አቋቁሞ «ቅዱስ ጊዮርጊስ» ማለት ምን ማለት ነው? አዎን፣ ደብሩ እዚያው አራዳ ነው፤ የሰፈር ስም ነው ማለት ይቻላል። ግን አራዳ ጊዮርጊስን ምኒልክ ያሠሩት የዓድዋን ድል ለማስታወስ ነው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን ሃያ ሦስት ደግሞ የጊዮርጊስ ዕለት ነው። ጣሊያን ለሁለተኛ ጊዜ ድንበር ጥሶ በገባበት ዓመት የአራዳ ልጆች ይህን ስም ሲመርጡ ዓድዋን አላሰቡም ብሎ የሚያሳምነን ሰው ካለ ይምጣ፤ እኛ አናምነውም።

ጣሊያኖቹም ስሙ የዋዛ እንዳልሆነ የገባቸው ይመስላል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገቡ። በወረራው ዘመን ክለቡ ስሙን ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደረገ። «ሊቶሪዮ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው በጥንቷ ሮማ በባለሥልጣን ፊት ፊት የሚሸከሙትን የዘንግ እስርና መጥረቢያ ነው፤ ሙሶሊኒ ለፓርቲው ዓርማ ያደረገው ያንኑ ነው። እስቲ አስቡት፤ ግማሹ የሮማ መጥረቢያ፣ ግማሹ የደጃዝማች ውቤ ሰፈር! ወራሪው ቅዱሱን ከስሙ አወጣ፣ ሰፈሩን ግን ማውጣት አልቻለም፤ ተጫዋቹም ተመልካቹም የሰፈሩ ልጅ ነበርና። ከድል በኋላ ጊዮርጊስ ወደ ስሙ ተመለሰ። ለዚህ ክለብ ሲጫወት ያደገው ይድነቃቸው ተሰማም በኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው የአገር ሻምፒዮና የስም ነገር ለሚወድ ሰው ድግስ ነው። አምስት ቡድኖች ተሰለፉ። ፎርቲቱዶ የጣሊያኖቹ ሲሆን ትርጉሙ ብርታት ነው፤ ከሽንፈት በኋላ ብርታት፣ ምን ይደረግ። አራራት የአርመኖቹ ነው፤ የኖኅ መርከብ ያረፈበት ተብሎ የሚታመነው፣ አርመን ሁሉ ከሩቅ እያየ የሚናፍቀው ተራራ። ኦሎምፒያኮስ የግሪኮቹ፤ የራሳቸውን ኦሊምፒያ ያስታውሳል። አራተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ሲሆን የስም ጌጥ አላስፈለገውም፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ይዞ ገባና ዋንጫውን ወሰደ። ከአምስቱ የኢትዮጵያውያኑ ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ከአገሩ ይዞት የመጣውን ናፍቆት በማልያው ላይ ሰፍቶ ሜዳ ገብቷል ማለት ነው።

በኋላ የተወላጅነት ስሞች መጡ። ሐማሴንና አካለ ጉዛይ የተባሉ ቡድኖች በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950 አካባቢ ዋንጫ ወስደዋል። እምቧሶይራም የኤርትራን ከፍተኛ ተራራ ስም ይዞ በ1966 ሻምፒዮን ሆኗል። እነዚህ ስሞች ዛሬ ከእኛ ሊግ ውጭ ናቸው፤ አገሩም ሌላ አገር ሆኗል። የአሸናፊዎቹን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ሰው ግን ካርታው ሲቀየር በግልጽ ያያል።

ከዚያ ተራው የሥራ ሆነ። ጥጥ፣ ቴሌ፣ ሲሚንቶ፣ ምድር ባቡር፣ መብራት ኃይል፣ ባንክ፣ መድን። እንዲያው ስማቸውን ብቻ ደርድሮ የአገሪቱን የኢንዱስትሪ ታሪክ መጻፍ ይቻላል። ፋብሪካ ሲከፈት ቡድን ይከፈታል፤ ወዛደሩ በሳምንቱ መጨረሻ ማልያ ይለብሳል። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ ደጋግሞ ሻምፒዮን ነበር። ሺህ ሰው ቆሞ «ጥጥ!» ብሎ ሲጮኽ ለእንግዳ ጆሮ ያስቅ ይሆናል። ለድሬ ልጅ ግን ጥጥ ማለት አባቱ በፊሽካ የሚገባበትና በፊሽካ የሚወጣበት በር ነው፤ የጨዋታውም መጀመሪያና መጨረሻ ፊሽካ ነው።

ከመሥሪያ ቤት ቡድኖች ሁሉ ስሙ እጅግ የሚያስደንቀን የፖሊሱ ኦሜድላ ነው። ኦሜድላ በሱዳን ጠረፍ ያለች ቦታ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ የተከሉት እዚያ ነው። ስለዚህ ስሙ የንጉሡን መመለስ ያበሥራል። በ1967 ንጉሡ ወረዱ፤ ከንጉሡ ጋር የተያያዘ ስም ከትምህርት ቤቱም ከሆስፒታሉም ከአደባባዩም ተፋቀ። ኦሜድላ ግን በ1971፣ በአብዮቱ እሳት መካከል፣ በዚያው ስሙ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ! ስም ፋቂዎቹ ረሱት? ወይስ በዚያን ጊዜ «ኦሜድላ» ሲባል ሰዉ የሚያስበው ንጉሡን ሳይሆን አማካዩንና በረኛውን ስለነበረ ነው? ሁለተኛው ይመስለናል። ስም በሕዝብ አፍ ብዙ ከተመላለሰ ያወጣለትን ሰው ይረሳዋል።

ጊዮርጊስ ያን ያህል አልታደለም። በደርግ ዘመን ስፖርት «በአዲስ መልክ ሲደራጅ» ቅዱስ ተብሎ መጠራት አላዋጣም፤ ክለቡ «አዲስ አበባ ቢራ» ተባለ። ለሁለተኛ ጊዜ ስሙን ተነጠቀ ማለት ነው፤ በመጀመሪያ በባዕድ፣ ቀጥሎ በወገን። ልዩነቱ የመጀመሪያው መጥረቢያ ሲሰጠው ሁለተኛው ጠርሙስ መስጠቱ ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባው ቢራ በከተማው ሰው ዘንድ ከጥንት የሚታወቀው በማን ስም ነው? በጊዮርጊስ! ቅዱሱ በበር ሲወጣ በመስኮት ገባ። ከ1983 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ክለቡ ስሙን በይፋ አስመለሰ። ደጋፊው ግን መች ተወው?

በዚያው ዘመን ከላይ የወረዱ ስሞችም ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋንጫ ከወሰዱት መካከል «ትግል ፍሬ» እና «እርምጃችን» የሚባሉ አሉ። ጥሩ ጥሩ ስሞች ናቸው፤ ለመፈክር። ዛሬ የእርምጃችን ደጋፊ ነኝ የሚል ሰው በከተማው ውስጥ ፈልጋችሁ ብታገኙ ንገሩን። ቡና ግን የተወለደው እዚያው ዘመን ነው፤ በ1968 ዓ.ም. በቡና ሥራ ላይ በተሰማሩ ሠራተኞች ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም አለ። ለምን? መፈክር አይጠጣም፣ ቡና ይጠጣል። ከሲኒው ጋር የማይተዋወቅ ቤት የለም። «ቡና ገበያ» ሲባል የኖረው ቡድን በኋላ «ኢትዮጵያ ቡና» ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም.ም ሊጉን አሸነፈ። የፈረስ ስሙ «ቡናማዎቹ» ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም እናንሣ። የቋንቋ ተማሪ የሆነ ሰው «ቡናማዎቹ» የሚለውን ቃል ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። አማርኛ ብዙ ቀለሞችን የሚጠራው ከነገር ተነሥቶ ነው፤ ከሰማይ ሰማያዊ፣ ከብርቱካን ብርቱካናማ፣ ከቡና ቡናማ ይላል። ስለዚህ «ቡናማዎቹ» ስትል ማልያውን ነው የጠራኸው ወይስ ፍሬውን? ሁለቱንም። ቀለሙና ስሙ አንድ ቃል የሆኑበት ክለብ በሌላ ቋንቋ መኖሩን እንጃ። ጎረቤቱን ደግሞ እዩት፤ የጊዮርጊስ ደጋፊ ቢጫው ማልያ ላይ ያለውን የደረት መስመር አይቶ «ቪ» ብሎ ይጠራዋል፣ በሁለት ጣቱም ያሳየዋል። ቀለሙ ቅርጽ ሆነ፣ ቅርጹ ፊደል፣ ፊደሉ ሰላምታ።

የድሬዳዋ ከተማም እንዲሁ «ብርቱካናማዎቹ» ናቸው። ድሬ ብርቱካን የሚታወቅባት ከተማ ናትና አሁንም ማልያው ፍሬ ያፈራ ነው። ከጥጥ ወደ ብርቱካን፤ ከፋብሪካው ወደ አትክልቱ ተሸጋገረች እንበል። የዓዲግራቱ ወልዋሎ «ቢጫዎቹ»፣ የንግድ ባንክ ቡድን «ሐምራዊ ለባሾቹ» ይባላሉ። ሐምራዊው ባንኩ በየቅርንጫፉ በር ላይ የሚቀባው ቀለም ነው፤ ቡድኑም እሱን ለብሶ በ2016 የሊጉን ዋንጫ ወስዷል። እውነቱን ለመናገር ይህ የመጨረሻው ብዙ አያሞቀንም። ቅጽል ስም ከደረጃው ሲወርድ ያምራል፤ ከባንክ ቤት መስኮት ሲወጣ ግን የቁጠባ ደብተር ይሸታል። ተጫዋቾቹ ምን አጠፉ? ይጫወታሉ፣ ያሸንፋሉም።

ሊጉ በ1990 በአዲስ መልክ ከተጀመረ በኋላ ዋንጫው ለብዙ ዓመት ከአዲስ አበባ አልወጣም ነበር። በ1996 የሐዋሳው ቡድን ወሰደው፤ «ኃይቆቹ»። ከዚያ ወዲህ ክፍለ ሀገሩ የራሱን የፈረስ ስም ይዞ ጎረፈ። የባሕር ዳር «የጣና ሞገዶቹ»፣ የአርባ ምንጭ «አዞዎቹ»፣ የሆሳዕና «ነብሮቹ»፣ የወልቂጤ «ሠራተኞቹ»። አዞዎቹ የጫሞ ናቸው፤ ቀልድ አይደሉም። ሠራተኞቹ የጉራጌን ታታሪነት የሚያወሱ ናቸው። ከሁሉም ደስ የሚለን ይኸኛው ስም ነው። አውሬም ንጉሥም ሳይሆን ሠራተኛ ነኝ ብሎ ሜዳ የሚገባ ቡድን አስቡ!

ከዚያ ታሪክ የተሸከሙት አሉ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ «ዐፄዎቹ» ነው፤ ከተማዋን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸውና። የወላይታ ድቻ «የጦና ንቦች» ነው፤ ካዎ ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ሲሆኑ በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር ተሸነፉ። በ2010 ድቻ የግብፁን ዛማሌክን ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በመለያ ምት ሲያስወጣ ንቦቹ ካይሮን ነደፉ ተባለ። የጅማውን ደግሞ ልብ በሉ፤ በዚያው በ2010 ሻምፒዮን የሆነው ጅማ አባ ጅፋር ይባላል። አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው! ሌሎቹ ክለቦች የፈረስ ስምን በቅጽል ሲያገኙ ጅማ ግን በመዝገብ አስገብታ ማኅተም አስመታችበት።

ታዲያ ዐፄዎቹና የጦና ንቦች ሲገናኙ፣ በ1887 በደም የተጻፈ ነገር በዘጠና ደቂቃ ይጫወታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በሳቅና በጨዋታ አልፏል። ሁልጊዜ ግን አላለፈም፤ ይህን ዘለን ብንሄድ የታሪክ ተማሪ ነን ማለት አንችልም። በኅዳር 2010 በወልድያ ከመቀሌው ቡድን ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ፤ ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ። በዚያ ዘመን በአማራና በትግራይ ክለቦች መካከል የሚደረጉ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እስከ መደረግ ደረሱ። የፈረስ ስም ከጦር ሜዳ የመጣ ነው ብለን ጀምረናል፤ አንዳንዴ ወደመጣበት ይመለሳል። ዐፄዎች ማለት የአንድ ከተማ ኩራት ሆኖ ሳለ ለሌላው ጆሮ ዛቻ ሆኖ ሊሰማ ይችላል። ሞገዱ፣ አዞው፣ ብርቱካኑ በማንም ጆሮ ዛቻ አይሆኑም። ከእኛ መካከል ግማሾቹ፣ «እንግዲያው የነገሥታቱን ስም ሁሉ ትተን ሐይቅና ፍሬ ብቻ እንበል» አሉ። ግማሾቹ ደግሞ፣ «ሰው ያጣላው ስሙ ነው ወይስ ስሙን ሰበብ ያደረገው ፖለቲካ?» ብለው ተከራከሩ። አልተስማማንም። ሌሊቱ አለቀ።

በመሃል አንዲት ልጅ ያነሣችውን ሳንጽፍ ብንቀር ትቀየመናለች። ወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን «ዋልያዎቹ» ናቸው፤ የሰሜን ተራራ እንስሳ፣ የራሳችን። ሴቶቹስ? «ሉሲዎቹ»። ኅዳር 15 ቀን 1967 በሐዳር የተገኘችውን ቅሪተ አካል ፈረንጆቹ የሰየሟት በድንኳናቸው ይሰሙት በነበረ የእንግሊዝ ዘፈን ነው። እኛ ደግሞ «ድንቅነሽ» የሚል ውብ ስም አለን። «ድንቅነሾቹ ማለት አፋችሁን አሞታል?» አለችን። ዝም አልን።

ስምን የሚሸከመው ደረጃውም ስም አለው። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፣ ዳፍ ትራክ የሚባሉ መቀመጫዎች አሉ። ካታንጋ ከኮንጎው ክፍለ ሀገር የተወሰደ ነው፤ ወታደሮቻችን በ1950ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት ስም ኮንጎ ዘምተው ነበርና ያ የሁከት ስም ለሁከተኛው ደረጃ ተሰጠ። «ከማን አንሼ» ደግሞ ትርጉም አያሻውም፤ ያወጣው ሰው ሊቅ ነው።

ሠራዊቱም የራሱ ቡድን አለው። «መቻል» ነበረ፣ በኋላ «መከላከያ» ሆነ፣ ከ2015 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ ተመልሶ «መቻል» ተባለ። ከእኛ መካከል መከላከያ እያለ ያደገ አለ፤ አባቱ ግን መቻል እያሉ ነው የኖሩት። አሁን አባትና ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ልጁ ሲሳሳት አባት ያርማሉ። ሁለቱም ሳይሳሳቱ የሚጠሩበት ስም ግን አለ፤ «ጦሩ»። ማንም በደብዳቤ አላወጣውም፣ ማንም በደብዳቤ አልሻረውም።

ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድና በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ የመቀሌው፣ የሽረውና የዓዲግራቱ ቡድኖች ከዝርዝሩ ጠፉ። በ2011 ሻምፒዮን የነበረው መቀሌ 70 እንደርታ፣ «ምዓም አናብስት»፣ ለዓመታት ስሙ በሊጉ አልተጠራም። በ2017 ሦስቱም ተመለሱ። የጨዋታውን መርሐ ግብር ስናይ ከፋሲል ከነማ ጋር ተጽፈው አገኘናቸው። ከየትኛውም ሜዳ ይተላለፍ፣ ያን ቀን አንድም ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት አልሄደም። የማደሪያው ቴሌቪዥን ክፍል ከጎንደር የመጡትም፣ ከመቀሌ የመጡትም፣ እኛም በአንድ አግዳሚ ተጣበን ተቀመጥን። ጨዋታ አስተላላፊው «ምዓም አናብስት» ሲል ከበስተኋላ አንድ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሙን ደገመው፤ አጠገቡ ያለው የዐፄዎቹ ደጋፊም ቆሎውን ዘረጋለት።